ከሮክ ወደ ጃዝ ለመሻገር ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦

ከሃያ ዓመት በላይ የሮክ አድማጭ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትቶልኝ ነበር፤ ፒንክ ፍሎይድን፣ ሌድ ዜፕሊንን፣ ዶርስንና ሳንታናን ያወቅሁት ከዚያ ካርቶን ነው። ጃዝን ግን ደጋግሜ ሞክሬ አልሆነልኝም። የማይልስ ዴቪስን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ሰው ሁሉ ስለሚያወድሰው፣ ማታ ማታ ዕቃ ሳጥብ ስልኬን መደርደሪያው ላይ አድርጌ ሦስት ጊዜ አዳመጥሁት። መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ዜማው የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ አላገኘሁትም፤ ትራምፔቱና ሳክስፎኖቹም ተራ በተራ የየራሳቸውን ጉዳይ የሚያወሩ መሰለኝ። በሮክ ሙዚቃ የጊታር ሶሎ ሲመጣ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚመለስ አውቃለሁ። እዚህ ግን መንገዱ ይጠፋኛል። ሌላ አልበም ልሞክር ወይስ አሰማሜን ልለውጥ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የሸክላ ሰብሳቢው፦

ወንድሜ፣ ለእርስዎ ድልድዩ ካርቶኑ ውስጥ አለ። ዶርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ላይት ማይ ፋየር» ረጅም ቅጂ ውስጥ ኦርጋኑና ጊታሩ በሁለት ኮርዶች (አንድ ላይ በሚመቱ ድምፆች) ላይ እየተመላለሱ ለደቂቃዎች የሚጫወቱትን ክፍል ያስታውሱት። የባንዱ አባላት ራሳቸው እንደተናገሩት ሐሳቡን ያገኙት ከሳክስፎን ተጫዋቹ ከጆን ኮልትሬን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ» ነው። የፒንክ ፍሎይዱ ሪቻርድ ራይትም በ1973 እ.ኤ.አ. በወጣው «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ውስጥ ያለውን አንድ ኮርድ ያገኘው እርስዎ አልሆነልኝም ካሉት ከዚሁ ከ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» እንደሆነ ተናግሯል። ስለዚህ ጆሮዎ ለጃዝ እንግዳ አይደለም። መጀመሪያ የዶርስን፣ ከዚያ የኮልትሬንን በአንድ ምሽት አከታትለው ይስሟቸው።

ቤዝ ተጫዋቹ፦

ከላይ የተሰጠው ምክር መልካም ነው፤ የጠያቂያችን ችግር ግን አልበሙ አይመስለኝም፤ ስልኩ ነው። የ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» የመጀመሪያ ሙዚቃ «ሶ ዋት» ይባላል። ከግማሽ ደቂቃ ገደማ ዝግ ያለ መግቢያ በኋላ ዜማውን የሚያወጣው ትራምፔቱ ሳይሆን የፖል ቼምበርስ ቤዝ ነው። ቤዙ እንደ አውራጅ ይላል፤ ፒያኖው፣ ቀጥሎም ነፋሾቹ፣ እንደ ተቀባይ በሁለት አጫጭር ኮርዶች ይመልሱለታል። የስልክ ስፒከር ያን ያህል የወረደ ድምፅ በወጉ አያወጣም፤ የቧንቧ ውኃና የሳህን ኳኳታ ሲጨመርበት ደግሞ እርስዎ የሚሰሙት ተቀባዮቹን ብቻ ነው። አውራጁ ከሌለ ዜማው ከየት ይምጣ?

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ተቀምጠው ይስሙ፤ ያንን አንድ ሙዚቃ ብቻ ይስሙ። ዜማው አራት አራት ምት ያላቸው 32 ባሮች አሉት፤ እነርሱም ስምንት ስምንት ሆነው በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሦስተኛው ያንኑ ነገር ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይጫወተዋል፤ አራተኛው ወደ ቦታው ይመለሳል። ሶሎ የሚጫወተው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በዚህ ቤት ውስጥ ነው፤ ማይልስ በትራምፔት ሁለት ዙር፣ ኮልትሬን በሳክስፎን ሁለት ዙር፣ ካነንቦል አደርሊም በሳክስፎን ሁለት ዙር፣ ቢል ኤቫንስ በፒያኖ አንድ ዙር። በጣት መቁጠር የሚያሰለችዎት ከሆነ ያ ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚልበትን ቦታ ብቻ ይጠብቁ፤ እርሱን ካገኙ የት እንዳሉ ያውቃሉ፣ ከስምንት ባር በኋላም ወደ ቤት ይመለሳሉ። አንድ ደቂቃ ተኩል አካባቢ፣ ማይልስ ሶሎውን ሲጀምር፣ ድራመሩ ጂሚ ኮብ ሲምባሉን (የድራሙን የነሐስ ሳህን) አንድ ጊዜ ከወትሮው በርታ አድርጎ ይመታዋል፤ ድምፁ ቀስ እያለ እስኪጠፋ ድረስ ይከተሉት። እኔ ለዚያ አንድ ምት ብዬ ብቻ የምከፍትበት ቀን አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። አብሮ ለመጫወት የሚሞክር ካለ እትሙን ያጣራ፤ አልበሙ በ1959 እ.ኤ.አ. ሲቀዳ የቴፕ ማሽኑ ዝግ ብሎ ይሽከረከር ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሙዚቃዎች ለረጅም ዘመን ከትክክለኛው ድምፅ ትንሽ ከፍ ብለው ይሰሙ ነበር፤ የተስተካከለው በ1992 እ.ኤ.አ. እትም ነው። እኔ ቤዜ አልገጥም ብሎኝ ክሩን ሳጠብቅ ሳላላ የዋልሁበት ቀን አለ።

ጊታር ወዳዱ፦

ሮክ ለለመደ ሰው ፊውዥን፣ ማለትም ጃዝና ሮክ የተዋሐዱበት ሙዚቃ፣ ይቀላል ባይ ነኝ። ማይልስ በ1969 እ.ኤ.አ. ጆን ማክላፍሊንን በኤሌክትሪክ ጊታር አሰልፎ የቀዳው «ቢቸስ ብሩ» አለ። ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ቤዝ ተጫዋቹ፦

ወንድሜ፣ በአክብሮት አልስማማም። እዚያ አልበም ላይ ከአንድ በላይ ድራመርና ከአንድ በላይ ኤሌክትሪክ ፒያኖ በአንድ ጊዜ ይጫወታሉ፤ በስድስት ሰው መካከል መንገድ የጠፋውን አድማጭ ወደ ጫካ መላክ ይሆንብናል። ድምፁ ሮክ ቢመስልም አካሄዱ ይከብዳል።

የሙዚቃ መምህርቷ፦

ሁላችሁም አንድ ነገር ዘለላችሁ። ጠያቂያችን የኢትዮጵያ ጆሮ አላቸው። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በአሜሪካ ተምረው ያመጡትን የጃዝ የድምፆች ስምምነት ከባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን ጋር አዋህደዋል፤ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የተባለውን አልበም በ1972 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ሲቀዱ በቫይብራፎን (በዱላ በሚመታ የብረት ቁልፎች ባሉት መሣሪያ) እና በሳክስፎን ላይ የሚሄደው ዜማ እርስዎ በትዝታና በባቲ ያደጉበት ነው። ቅኝቱን ስለሚያውቁት ተጫዋቹ መቼ ከዜማው እንደወጣና መቼ እንደተመለሰ ሳይቆጥሩ ይሰማዎታል። ለተማሪዎቼም የምለው ይህንኑ ነው፦ አዝማሪ ዜማውን ይዞ ግጥሙን በቦታው እንደሚፈጥር ሁሉ፣ የጃዝ ተጫዋች ቤቱን ይዞ ዜማውን በቦታው ይፈጥራል። ሙላቱን አንድ ሳምንት ከሰሙ በኋላ ወደ ማይልስ ይመለሱ።

ጠያቂው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሳህኑን ለነገ ትቼ፣ የልጄን የጆሮ ማዳመጫ ተውሼ ተቀመጥሁ። ቤዙ ሲወጣ በእውነት አፈርሁ፤ ሦስት ጊዜ ሰምቼ እዚያ መኖሩን እንኳ አላወቅሁም ነበር። ሲምባሉንም አገኘሁት። በማይልስ ሶሎ ሁለቱንም ዙር አልጠፋሁም፤ ኮልትሬን ሲገባ ግን ድምፆቹ በዙብኝና መቁጠሩን ተውሁት፤ ያ ግማሽ ድምፅ ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ራሴን መልሼ አገኘሁ። ዛሬ ከመምህርቷ ምክር በመነሣት ሙላቱን ከፍቻለሁ። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ ከወንድሜ ካሴቶች መካከል ሳንታና በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ካራቫንሰራይ» አለ፤ ልጅ ሳለሁ ዘፈን አነሰበት ብዬ ወደ ካርቶኑ የመለስሁት እርሱን ነበር። እርሱስ ከየትኛው ወገን ይቆጠራል?

ቤዝ ተጫዋቹ፦

ከሁለቱም። ካሴቱ ካልተበላሸ ዛሬውኑ ያውጡት።