ጅማ ውስጥ መጠጥ ለማቆም የሚሰባሰቡ ሰዎች አሉ?

የሂርማታው ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን አልናገርም፣ ከተማችንን ታውቋታላችሁ። ዕድሜዬ 36 ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የጀመርኩት በጨብሲ ነው። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ሁለት ቢራ። ሁለቱ አራት ሆነ፣ ቢራው አረቄ ሆነ፣ አሁን ጫቱን ከተውኩት ቆየሁ፣ አረቄው ግን አለ። ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመስኩ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ሰው ፊት መፈረም አልችልም።

በየዓመቱ በሁዳዴ አቆም ነበር። ዘመድ ሁሉ "ተመስገን፣ ልብ ገዛ" ይላል። ፋሲካ ሲደርስ "ለበዓሉ እንኳን ቅመስ እንጂ" ብሎ የሚቀዳልኝም ያው ዘመድ ነው። ዘንድሮ ግን ፆሙንም አልቻልኩም። በሁለተኛው ቀን ላብ በላብ ሆንኩ፣ እንቅልፍ እምቢ አለ፣ ተመለስኩበት።

ፊልም ላይ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠው የሚያወሩበት ነገር እዚህ አለ? ካለስ ይከፈልበታል? ደግሞ የማውቀው ሰው ቢያየኝስ?

ቡና አፍሊ
ወንድሜ፣ ስብሰባው ይቆይ። ጠዋት እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብቻህን ድንገት እንዳታቆም። እኔ "ወንድ ነኝ" ብዬ አቆምኩና በማግስቱ ወድቄ ተንፈራገጥኩ፣ ምላሴን ነክሼ ስነቃ ቤተሰቡ ክብሪት እየጫረ ያስሸትተኛል። የሚጥል በሽታ መስሏቸው ነው። በኋላ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ መንፈራገጡ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው የሚመጣው። ከዚያ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት ሊከተል ይችላል፣ እሱ ካልታከመ ሰው ይገድላል። በመድኃኒት ቀስ አድርገው ያሳልፉሃል፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጡሃል። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እዚያ ሂድ። "እብድ ይሉኛል" ብለህ ከሆነ እኔም እንደዚያ እያልኩ ነው ስድስት ወር ያቃጠልኩት። እግረ መንገድህን በቡድን የሚያማክሩበት ቀን እንዳለም ጠይቃቸው።

ከስደት መልስ
የምትለው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፣ ባጭሩ ኤ ኤ። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ነው የተጀመረው፣ አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም ለይቶላቸው የነበሩ ጠጪዎች፣ ቁጭ ብለው ሲያወሩ። እኔ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳሁ ነው የገባሁት። ክፍያ የለም፣ መጨረሻ ላይ ቅርጫት ይዞራል፣ ያለው ሳንቲም ይጥላል። ለመግባት የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። የአባት ስም አይነሳም። አንድ ሰው ሲናገር ማንም አያቋርጠውም፣ ማንም አይመክረውም። ይሄ ለኛ ሰው ከባድ ነው፣ ሳንመክር መስማት አልለመድንም!

መጀመሪያ ቀን በሩ ሥር ተቀምጬ ትንፍሽ ሳልል ወጣሁ። ያቀረቡልኝ ቡና ለጅማ ልጅ ስድብ ነበር። ግን አንዱ ሽማግሌ "ለዛሬ ብቻ አልጠጣም በል፣ ነገን ነገ ታያለህ" አለኝና ስልኩን ሰጠኝ። ስፖንሰር ይሉታል፣ ቀድሞህ ያለፈበት ሰው ማለት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደውዬለት አውቃለሁ፣ አንስቷል። 12ቱ ደረጃዎች በሚባሉት የኤ ኤ የማገገሚያ መመሪያዎች ውስጥ ፈጣሪ ይጠቀሳል፣ ግን "እኛ በተረዳነው መጠን" ተብሎ ስለሆነ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ይቀመጣል። እዚህ ሆኜ አሁን በዙም ነው የምገባው፣ እንግሊዝኛ ከቻልክ በማንኛውም ሰዓት ታገኛለህ፣ ካሜራ መዝጋትም ትችላለህ።

ጠርጣራው
ስም አይነሳም ማለት ለዋሽንግተን ይሆናል። እዚህ መርካቶ ብታስነጥስ አጂፕ ላይ "ይማርህ" ይሉሃል። እኔ ጸበል ገብቼ ነው የተውኩት፣ ይኸው 2 ዓመቴ። የሰው ገመና መስማት ምን ይጠቅማል?

ከስደት መልስ
ጸበሉን ማን ከለከለ? እሰየው ነው። ግን ከጸበል ወጥቶ የድሮ ጓደኞቹ መንገድ ላይ የሚጠብቁት ሰው ማታ ማንን ያናግር?

የልጆች እናት
እኔ ጠጪ አይደለሁም፣ ባሌ ነው። ጠያቂው፣ "የማውቀው ሰው ቢያየኝስ" ላልከው፣ ከአረቄ ቤት ስትወጣ ያላየህ ማን አለና ነው? እኔ ስንት ዓመት ጠርሙስ ስደብቅ፣ አለቃው ሲደውል "አሞታል" ስል ኖርኩ። የረዳሁት መስሎኝ ነበር። ለኛ ለቤተሰቦችም አል አኖን የሚባል አለ፣ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እሱም በኦንላይን ይገባል። ለሚስትህ ንገራት። አታውቅም ብለህ እንዳታስብ ደግሞ፣ ሽታው አልጋ ድረስ ነው የሚመጣው።

የሂርማታው ልጅ
እህቴ፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርሽ ወጋኝ። ሰኞ ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ ከእሷ ጋር። እንግሊዝኛዬ ግን ለዙም አይሆንም።

ከስደት መልስ
ሁለት ሦስት ጠጪ ለማቆም ብሎ ከተቀመጠ ኤ ኤ ዘንድ እሱም ቡድን ነው። ሕክምናህን ጀምርና በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። እኔ ሐሙስ ከ11 ሰዓት በኋላ ይመቸኛል። ጫት ተራ አካባቢ ብቻ አይሁን።

ቡና አፍሊ
እኔም አለሁ። ቡናው በኔ።