የፎር ዊል መብራቱ ይበራል፣ የፊት ጎማዎቹ ግን አይስቡም

ባለፒክአፕ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሮጌ የናፍጣ ፒክአፕ ነው። ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለው ሳጥን) በዘንግ የሚቀየር (2ኤች የኋላዎቹ ብቻ፣ 4ኤች አራቱም፣ 4ኤል አራቱም በከባድ ጉልበት)፣ የፊት ሃቦቹ (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዙት) በእጅ የሚዞሩ፣ ሎክ (የተያያዘ) እና ፍሪ (የተለቀቀ) የተጻፈባቸው። ሁለቱንም ሎክ አድርጌ 4ኤች ሳስገባ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ይበራል። ጭቃ ላይ ግን የኋላዎቹ ብቻ ይሽከረከራሉ፣ የፊቶቹ ዝም። 4ኤል ላይ ጉልበቱ መጨመሩ ይታወቃል፣ ያም ከኋላ ብቻ። ነዳጅ ሲሰጠው አንዳንዴ ከፊት በቀኝ በኩል ጠቅ ጠቅ ይላል። መካኒኩ ትራንስፈሩ ይውረድ ይላል። ከዚያ በፊት ምን ላረጋግጥ?

ጥርስና_ሞላ፦
ወንድሜ፣ ትራንስፈሩን አሁን አታስወርድ። መብራቱንም አትመነው። ስዊቹ ያለው ትራንስፈሩ ላይ ነው፣ የሚያውቀውም የመቀየሪያው ዘንግ የት እንዳለ ብቻ ነው። ጎማ ይዙር አይዙር አያይም።

ፍተሻውን ከመሃል፣ ከፊቱ ካርዳን (ከትራንስፈሩ ኃይሉን ወደ ፊት የሚወስደው ዘንግ) ጀምር፤ ግማሹን ጥርጣሬ በአንዴ ትጥላለህ። ሃቦቹን ፍሪ አድርግ፣ 4ኤች አስገባና ጥርሱ እንዲገጥም ሁለት ሜትር ያህል ሂድ። ሜዳ ላይ አቁመህ ሞተር አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግላቸው። ከስር ገብተህ የፊቱን ካርዳን በእጅህ አዙረው። ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ጥርቅም ካለ ትራንስፈሩ ጤነኛ ነው። እንደልቡ ከዞረ መካኒኩ ልክ ነው፦ ፎርኩ (ስሊቩን የሚገፋው ሹካ) ተበልቷል፣ ስሊቩ (ሁለቱን ዘንጎች የሚያያይዘው ባለጥርስ ቀለበት) አልገባም፣ ወይም ባለ ሰንሰለት ከሆነ ሰንሰለቱ ተበጥሷል።

ካርዳኑ ከተያዘ፣ ሃቦቹን ሎክ አድርግና መኪናውን ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰው። ሞተር አጥፍተህ፣ እንደገና ታኮ አድርገህ፣ ዘንጉ 4ኤች ላይ እንዳለ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሳ፤ ከስሩ ማቆሚያ አስገባ። ጎማውን በእጅ አዙር። መዞር የለበትም። ከዞረ ላስቲክ የለበሰውን አክስል ተመልከት። ጎማው እየዞረ አክስሉ ከቆመ የዚያው ጎን ሃብ አልያዘም። ጎማውና አክስሉ አብረው ከዞሩ ግን ያነሳኸው ጎን ደህና ነው፣ በሽታው በወዲያኛው ነው፤ የወዲያኛው አክስል በተቃራኒ ሲዞር ታየዋለህ።

መካኒኮችም የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) መቆለፊያ ከሌለው አንድ ሃብ ብቻ ሳይይዝ ሲቀር ሁለቱም የፊት ጎማዎች መሳብ ያቆማሉ፤ የላላው አክስል በባዶው ይሽከረከራል፣ ደህናው ጎማ ቆሞ ይቀራል። «ሁለቱም አይሰሩም፣ እንግዲያው ትራንስፈሩ ነው» የሚለው ሒሳብ ለዚህ ነው የማያስኬደው።

አንድ ነገር ግን፦ ፊቱን ብቻ አንስተህ 4ኤች ላይ ሞተር አስነስተህ እንዳትሞክር። የኋላዎቹ መሬት ስለያዙ መኪናው ከክሪኩ ላይ ይሄዳል።

ባለፒክአፕ፦
አደረግኩት። ካርዳኑ ተይዟል። ግራውን አንስቼ ሳዞር ጎማውም አክስሉም ዞሩ፣ የቀኙ አክስል በተቃራኒ ዞረ። ቀኙን ሳነሳ ጎማው ብቻ ነው የሚዞረው። እንግዲህ የቀኝ ሃብ ነው ማለት ነው? ስፈታው ምኑን ልይ?

ግሪስ_አታብዛ፦
እሱ ነው። ጠቅ ጠቅ የሚለውም ግማሽ የገባ ክላች (የፔዳሉ ሳይሆን ሃቡ ውስጥ ያለው ተንሸራታች ባለጥርስ ቀለበት) ጥርስ ላይ እየዘለለ ነው። በዚያ ሁኔታ በነዳህ ቁጥር የጥርሱ ጫፍ ይበላልና እስክትፈታው ፍሪ አድርገው።

መጀመሪያ የሃቡን አሠራር እወቅ። መዞሪያውን ሎክ ስታደርግ ክላቹን በቀጥታ አትገፋውም፤ ሞላውን ነው የምትወጥረው። ክላቹን ወደ ጥርሱ የሚያስገባው ሞላው ነው። ስለዚህ ሞላው ከደከመ ወይም ግሪሱ ደርቆ እንደ ሙጫ ከሆነ መዞሪያው ሎክ ላይ ይቆማል፣ ክላቹ ግን ውጭ ይቀራል።

መዞሪያውን ፍሪ አድርግና የክዳኑን 6 ቡሎኖች ፍታ። ክዳኑ ክላቹንና ሞላውን ይዞ ይወጣል። ዝገት ወይም ወተት የመሰለ ግሪስ ካየህ ውሃ ገብቷል፣ ጓርኒሲዮኑና የመዞሪያው ኦሪንግ ይቀየሩ። ሁሉንም በናፍጣ አጥበህ አድርቅ። የክላቹን ጥርሶች በጥፍርህ ዳስሳቸው፦ ጠርዛቸው ስል ከሆነ ደህና ናቸው፣ ከከበቡ ግን ማጠብ አያድናቸውም፣ ሃቡ ይቀየር። ሲገጠም ግሪሱ በስሱ ይቀባ። ሃቡን በግሪስ መሙላት እንደ ጥንቃቄ ይቆጠራል፤ ሞላው ክላቹን መግፋት እንዲያቅተው የሚያደርገው ግን እሱ ነው። በደንብ መሞላት ያለበት ከጀርባ ያለው ኩሽኔታ ነው።

አሮጌ ሃይሉክስ ላይ ባለው ዓይነት ክዳኑ የሚገጠመው መዞሪያው ፍሪ ላይ ሆኖ፣ የክላቹ መያዣ ምላሶች ሃቡ ውስጥ ጥርስ ከሌለበት ክፍተት ጋር ገጥመው ነው። ሳይገጥሙ ቡሎን ካጠበቅክ ምላሱ ይሰበራል። የክዳኑ ቡሎኖች 10 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በላይ አሉሚኒየሙን ይቀዳል። የሃቡን አካል ካወረድክ ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በ31 ኒውተን ሜትር ነው፣ ከስራቸው ያሉትን የሾጠጡ ሮንዴላዎች ሳትረሳ። እነዚያ ካልወጡልህ የሃቡን አካል በነሐስ መቺ ነካ ነካ አድርገው፣ ይለቃሉ። መዞሪያው በእጅ ካልዞረ ውስጡ ተይዟልና በፒንሳ አታስገድደው።

ቱቦ_ፈታሽ፦
ሃቡ ላይ መዞሪያ የሌለው መኪና ያላችሁ፣ ፍተሻው ይለያል። እንደ ሁለተኛው ትውልድ ፓጄሮ ያሉት ከፊት ዲፈረንሻሉ ጎን ያለውን አክስል የሚያገናኙት በቫኪዩም (አየር በመሳብ ኃይል) ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ የፊት ጎማዎቹ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ ስሊቩ አልገባም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሙቀት የሰነጠቀው የላስቲክ ቱቦ ነው። በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ አክቹዌተሩን (በቫኪዩም ስሊቩን የሚያንቀሳቅሰውን) እስከ 400 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሳቡትና 30 ሰከንድ ጠብቁ፤ ከወረደ ዲያፍራሙ (ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ) ተቀዷል። ከያዘ ወደ ሶሌኖይዶቹ (ቫኪዩሙን በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች) ሂዱ፣ 4ኤች ሲገባ 12 ቮልት መድረሱን ለኩ። ናፍጣ ከሆነ ቫኪዩሙን የሚሰጠው ፓምፕ ነው፣ በብዙዎቹ ዲናሞው ጀርባ ላይ የተገጠመ፤ የፍሬን ፔዳሉም ከጠነከረ እሱን ጠርጥሩ።

አውቶማቲክ ሃብ (ራሱ የሚያያይዘው) ደግሞ ወደኋላ ስትነዱ ሊለቅ ይችላል። ደጋግሞ የሚለቅ ከሆነ በእጅ በሚዞር መተካቱ ከመጠገን ይሻላል ባይ ነኝ።

ጥርስና_ሞላ፦
ስትጨርስ በክሪክ ያደረግከውን ፍተሻ ድገመው፤ አሁን የትኛውም ጎማ መዞር የለበትም። ከዚያ ጠጠር ወይም እርጥብ አፈር ላይ ውጣ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ አይሆንም። መሪውን እስከ ጥግ አዙረህ በዝግታ ስትነዳ መኪናው ተያዝ ተያዝ ካለ ፊቱ ገብቷል። ወደ 2ኤች ስትመልስ ዘንጉ እምቢ ካለ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብለህ ወደኋላ ሂድ። ሁልጊዜ የሚያስቸግር ከሆነ የፊትና የኋላ ጎማዎችን ቁጥርና አየር አስተያይ።