ሩት የተደረገ ስልክ ከአፕዴት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪ ይበላል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ስልኩ በማጂስክ (ሩት ማድረጊያ መሣሪያ) ሩት የተደረገ፣ ማለትም ሙሉ የሲስተም ፈቃድ የተከፈተበት ነው። ወደ አንድሮይድ 14 ያሻገርኩት የአዲሱን ፋየርምዌር (የስልኩ ሲስተም ሶፍትዌር) ቡት ኢሜጅ፣ ማለትም ስልኩን የሚያስነሳውን ፋይል፣ በማጂስክ ፓች አድርጌ (አሻሽዬ) በፋስትቡት (ከኮምፒውተር በኬብል መጫኛ) በመጫን ነው፤ የድሮው ቡት ኢሜጅ ከአዲሱ ሲስተም ጋር ካልተስማማ ስልኩ ሎጎ ላይ ይቀራል። ሩቱ በደንብ ይሠራል።

ባትሪው ግን ስክሪን ተዘግቶ፣ ዋይፋይና ዳታ ጠፍቶ በ8 ሰዓት ውስጥ ከ90 ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ድሮ ከ4 በመቶ በላይ አይቀንስም ነበር። በኤዲቢ (ስልኩን ከኮምፒውተር ማዘዣ) የባትሪ ስታትስ ሳወጣ ስልኩ 6 ሰዓት ያህል ሳይተኛ ነው ያደረው። የአፖች ዌክሎክ (ስልኩ እንዳይተኛ የሚይዝ ጥያቄ) ተደምሮ 10 ደቂቃ አይሞላም፤ የቀረው በሙሉ የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ዌክሎክ ነው። ስለዚህ አፕ ማጥፋት የሚፈታው አይመስለኝም።

የማጂስክ ሞጁሎቹን (ተጨማሪ ማሻሻያዎቹን) በሙሉ አጥፍቼ ሪስታርት አድርጌአለሁ፣ ለውጥ የለም። የቀረኝ ፋክተሪ ሪሴት ነው፤ ዳታዬን ሳላጠፋ ስልኩን የሚቀሰቅሰው የትኛው ድራይቨር (የሃርድዌር ማዘዣ ፕሮግራም) እንደሆነ እንዴት ልለይ?