ለወጣቶች መቀመጫ ወይስ ሰነድ?

አወያይ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ለዛሬ የቀረበው መከራከሪያ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ለወጣቶች በሕግ የተወሰነ መቀመጫ ሊኖር ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው።

የሕግ ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ይገባል እላለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉ ዜጎችን ወጣት ይላቸዋል። ከእነዚህ ውስጥ 18 ዓመት የሞላው ይመርጣል፣ 21 የሞላው ይመረጣል፤ ሆኖም በዕጩነት የሚያቀርበው ፓርቲ ያላገኘ ወጣት መብቱ ብዙውን ጊዜ ወረቀት ላይ ይቀራል። የተለየ መቀመጫ ለሕገ መንግሥታችን እንግዳ አይደለም፤ አንቀጽ 54 አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 ያላነሰ መቀመጫ ደንግጓል። ኡጋንዳ 5 የወጣት ተወካዮችን ፓርላማ ታስገባለች፤ ሩዋንዳም ከ80ው የተወካዮች መቀመጫ 2ቱን ለወጣቶች ሰጥታለች።

ጡረተኛ መምህር፣ ቢቸና፦ ልጄ፣ የሩዋንዳን መቀመጫ ስትጠቅስ መራጩ ማን እንደሆነ አልነገርከንም። ሁለቱን ሰዎች የሚመርጠው ብሔራዊ የወጣቶች ምክር ቤት ነው። እኛም ዘንድ እንዲሁ ቢደረግ የወጣት ማኅበሩንና የፓርቲውን የወጣት ሊግ የያዘ ወገን መቀመጫውንም ይይዛል። ስለዚህ እቃወማለሁ።

የግብርና ምሩቅ፣ ሞጣ፦ መምህር፣ ስጋትዎን እጋራለሁ፤ እኔን ግን ከመቀመጫው በፊት የሚያሳስበኝ የዕቅድና የበጀት ሰነዱ ነው። በተገኘሁበት አንድ የዕቅድ ምክክር ላይ ገና ስንገባ የስም መመዝገቢያው ዞረና ፈረምን፤ ከዚያም ታትሞ የተጠረዘ ሰነድ እስከ እኩለ ቀን ተነበበልን፤ አንድም ቅጂ ግን አልታደለንም። አስተያየት ስጡ የተባልነው ሰው ለምሳ መነሣት ሲጀምር ነበር። አንዲት ልጅ ለመስኖ ቦይ ጥገና ስንት ብር እንደተያዘና የትኞቹን ቀበሌዎች እንደሚያዳርስ ብትጠይቅ “በቃለ ጉባኤ ይያዝ” ተብሎ ታለፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ መጠራት ተሳትፎ አይባልም፤ ሰነዱን ያላየ ወጣት ደግሞ ምክር ቤት ቢገባም እጅ ከማውጣት አያልፍም።

ሕጉ ግን ከእኛ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷቸዋል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000ም ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመውን የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አስቡት። ገንዘቡ በማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት በኩል ለተደራጁ ወጣቶች የሚበደር ስለነበር፣ በየወረዳው ለየትኛው ቡድን ስንት እንደተሰጠና ስንቱ እንደተመለሰ እየተለጠፈ ወጣቶቹ ራሳቸው ሊመረምሩት በተገባ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ረቂቁ ግንቦት ላይ በየቀበሌው ይለጠፍ፣ አስተያየት የሰጠውም ወጣት ሐሳቡ የተጣለበት ምክንያት በጽሑፍ ይነገረው።

የሕግ ተማሪ፦ እህቴ፣ ባለሥልጣኑ መልስ ቢነፍግሽስ? ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን በአንቀጽ 55 የተሰጠው ለምክር ቤቱ ነው፤ የዋናው ኦዲተር ሪፖርትም የሚቀርበው ለእርሱ ነው። ማመልከቻ ይዞ የሚመላለስ ማንንም ማስገደድ አይችልም።

ጡረተኛ መምህር፦ ሥልጣኑ ከመቀመጫው ጋር መሄዱን አልካድኩም፤ የምቃወመው አመራረጡን ነው። በግጭቱ ምክንያት በክልላችን በርካታ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በዚህ ጊዜ፣ ከትምህርት ገበታ የራቀውን የገጠር ልጅ የከተማ ማኅበር ሊወክለው አይችልም። መቀመጫው ይኑር ከተባለ የማንም ማኅበር አባል ያልሆነው ወጣት ጭምር በየቀበሌው በምስጢር ድምፅ ይምረጥ።

የግብርና ምሩቅ፦ በዚህ አመራረጥ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይጨመርልኝ። አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ለማንሣት እንደሚችል ይናገራል፤ የወጣት ተወካዩም ድምፅ በሰጡት ወጣቶች ፊርማ የሚነሣበት ሥርዓት እርሱን በሚፈጥረው በዚያው ሕግ ውስጥ ይጻፍ።