ኦሊቨር ስቶን ለአገሩ መሪዎች ጨክኖ ለባዕዳኑ ይራራልን?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን የምንኖር ጥቂት ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ አንድ ቤት ተሰብስበን ፊልም እናያለን። ሰሞኑን የአሜሪካዊውን ዳይሬክተር የኦሊቨር ስቶንን ሥራዎች ይዘን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ሪቻርድ ኒክሰን፣ በ2008 ደግሞ ስለ ልጅየው ጆርጅ ቡሽ የሠራቸውን ፊልሞች፣ እንዲሁም በ2017 የቀረበውንና አራት ሰዓት ያህል የሚፈጀውን የቭላድሚር ፑቲንን ቃለ ምልልስ ጨርሰናል። የከነከነኝ ነገር የአገሩን ፕሬዚዳንቶች ገመና እስከ ጓዳቸው ድረስ ተከትሎ የሚገልጥ ሰው፣ ፑቲን ፊት ሲቀመጥ አፉ የሚለዝብ መሆኑ ነው። አንዱ ጓደኛችን «ይህ ግልጽ አድልዎ ነው» ሲል፣ ሌላው «የአገሩን መሪ መውቀስ ግዴታው ነው፤ የሰው አገር መሪ ግን የራሱን ቃል ራሱ ይናገር ብሎ መተዉ ነውር የለበትም» ብሎ ሞገተው። ነገሩን በምን እንደምንመዝነው ብታስረዱን ደስ ይለናል።

መልስ፣ ከአንኮበር

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ቢሆንም «ጨክኗል» የሚለውን ቃል እንደገና እንዲያዩት እለምናለሁ። የኒክሰን ቤተሰብ ፊልሙን አጥብቆ መቃወሙ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ እኔ ያየሁት ኒክሰን በድህነት ያደገ፣ ሁለት ወንድሞቹን በሞት ያጣ፣ የእናቱን ፊት ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራ የኖረ ሰው ነው፤ ፊልሙ ሲያልቅም አዘንኩለት እንጂ አልጠላሁትም። በቡሽ ፊልም ላይም ቢሆን ብዙ ሐያስያን ከጠበቁት በላይ ለስለስ ብሎ አግኝተውታል። ስቶን ራሱ በቬትናም የዘመተ ወታደር እንደነበር ያስታውሱ፤ ጦርነት ያዘዘ ፕሬዚዳንት ለእሱ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ልዩነቱ የመጣው በእኔ አስተያየት ከአሠራሩ ነው። ኒክሰንን የተጫወተው አንተኒ ሆፕኪንስ ነው፤ ኒክሰን ራሱ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት በ1994 ስላረፈ ማንንም ደጅ ማስጠናት አይችልም ነበር። በቃለ ምልልስ ግን በሩ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በመሪው ፈቃድ ነው። ደጅ ጠንቶ የገባ ሰው ደግሞ ነገ እንደገና መግባት ይፈልጋልና ቃሉን ይመርጣል። ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስን ዜና መዋዕል ደብተራ ዘነብ በአድናቆት ሲጽፉት፣ ከንጉሡ ሞት በኋላ የጻፉት አለቃ ወልደ ማርያም ግን ጭካኔያቸውን ጭምር አስፍረውታል። እዚህ አንኮበር ላይ ሆኖ በእኛ አቆጣጠር በ1848 ዓ.ም. የተካሄደውን የቴዎድሮስን የሸዋ ዘመቻ፣ የንጉሥ ኃይለ መለኮትን ሞትና የሕፃኑን ምኒልክን መወሰድ የሚያስብ ሰው፣ አንድ ንጉሥ እንደ ተራኪው መቆሚያ ምን ያህል እንደሚለያይ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

መልስ፣ ከመንዝ

የአንኮበሩ ወንድማችን የጻፉትን ባከብርም፣ ደጅ ጥናት ምክንያት እንጂ ማስተሰረያ ሊሆን አይገባም። ማስረጃዬ ስቶን ስለ ኩባው መሪ ስለ ፊደል ካስትሮ ከሠራቸው ዘጋቢ ፊልሞች ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው፣ «ኮማንዳንቴ»፣ ለቴሌቪዥን ተዘጋጅቶ ሳለ በ2003 ኩባ ጀልባ የጠለፉ ሦስት ሰዎችን በሞት ስለቀጣች የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ ሳያስተላልፈው ቀረ። ስቶንም ተመልሶ ሄዶ ስለ ግድያውና በኩባ ስለ ታሰሩ ሰዎች ጠየቀ፤ ያም ሁለተኛው ፊልም ሆነ። ስለዚህ ሲፈልግ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው።

በዚያ ፊልም ውስጥ ከአእምሮዬ የማይጠፋ ቦታ አለ። በጠለፋ የተከሰሱ ወጣቶች ካስትሮ በተቀመጡበት ክፍል እንዲቀመጡ ተደርጎ፣ ምን ዓይነት ቅጣት ይገባችኋል ተብለው ይጠየቃሉ፤ እነሱም የረጅም ዓመት እስራት በገዛ አፋቸው ይጠራሉ። ካሜራው ፊታቸውን ያሳያል። ጥያቄው ተጠይቋል፤ ነገር ግን ዕጣቸው በእጁ ባለ ሰው ፊት የተሰጠ መልስ እንደ ነፃ ሰው መልስ ሊቆጠር አይችልም።

ፑቲን በስልካቸው የጦር ምስል የሚያሳዩበትን ቦታም ልብ ይበሉ። የሩሲያ አየር ኃይል በሶሪያ ሲዋጋ ነው ይላሉ፤ ስቶንም ተቀብሎ ያልፋል። ፊልሙ ከታየ በኋላ ግን ምስሉ የአሜሪካ ሄሊኮፕተሮች በአፍጋኒስታን ሲተኩሱ የተቀረፀ እንደሚመስል ተመልካቾች አመለከቱ። ለእኔ አድልዎ ማለት ይህ ነው፦ የተነገረውን ወደ ሌላ ሰው ወስዶ አለማረጋገጥ።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

ባጭሩ ለመጨመር ያህል፣ እኔ እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ ከመሪው ሌላ ማን እንደተናገረ በወረቀት እመዘግባለሁ። የታሰረ፣ የተሰደደ፣ የተቃወመ ሰው ድምፅ ከሌለ ስሙን እንኳ ጠርቶ እንደሆነ አያለሁ።

ጠያቂው፣ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጓደኞቼን አማክሬ በመጪው ቅዳሜ ሁለቱን የካስትሮ ፊልሞች አከታትለን ለማየት ተስማምተናል፤ ወረቀትና እስክሪብቶም ይዘን እንቀመጣለን። የመንዙ ወንድማችን የነገሩንን የወጣቶቹን ቦታ ስንደርስ አቁመን ደግመን እናየዋለን፤ የተባባልነውንም እዚህ እጽፋለሁ።