ኮኮ ኬይ ላይ ለመጠጥ ስንት ልያዝ?

ጤና ይስጥልኝ። በሚቀጥለው ወር ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በሮያል ካሪቢያን መርከብ ወደ ባሃማስ እንሄዳለን፤ አንዱን ቀን የምናሳልፈው በኩባንያው የግል ደሴት በኮኮ ኬይ ነው።

የምግቡ ነገር ገብቶኛል። ቺል ግሪልና ስናክ ሻክ የተባሉት የደሴቱ ምግብ ቤቶች ተጨማሪ ክፍያ የላቸውም፤ ኮኮ ቢች ክለብ ግን የራሱ የመግቢያ ክፍያ ስላለው ትቼዋለሁ።

ያስጨነቀኝ መጠጡ ነው። ከዚህ በፊት በሌላ ኩባንያ መርከብ ስንሄድ ለልጆቼ ሁለት ጭማቂ አዘዝኩ፤ ደረሰኙን ሳየው ከዋጋው ሥር በደቃቅ ጽሑፍ የአገልግሎት ክፍያ ተደምሮበታል። ሁሉም ነገር በካርድ ስለሚመዘገብ ሒሳቡ ሳይታወቀኝ ተከማችቶ በመጨረሻው ሌሊት ክው አልኩ። ይህን ጉዞ ያጠራቀምኩለት ከልጆቼ ጉሮሮ ቀንሼ ነውና ያ እንዲደገም አልፈልግም።

እዚህም በእያንዳንዱ መጠጥ ላይ 18 በመቶ እንደሚጨመር አውቃለሁ። ታዲያ ለልጆቹ የለስላሳ ጥቅል (አንዴ ተከፍሎ የፈለጉትን ያህል የሚጠጣበትን) አስቀድሜ ብገዛ ይሻላል ወይስ በየብርጭቆው ብከፍል? ጥቅሉ ደሴቱ ላይ ባሉት መጠጥ ቤቶች ሁሉ ያገለግላል? እናቴ አልኮል በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ እኔ የአልኮል ጥቅል ብወስድ አንድ ክፍል ስለምንጋራ ብቻ እርሷም እንድትገዛ ትገደዳለች?

በቅርቡ ሄዳችሁ የተመለሳችሁ፣ የከፈላችሁትን በዶላር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።