ከአንድ ካሊበር ወደ ሌላ የተለወጠ ቀለህ ለሌላ ሰው ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

ጠያቂ፦
ቀለህ ማለት ባሩድና እርሳስ (ከአፈሙዙ የሚወጣው ጫፍ) እንደገና የሚሞላበት የጥይት ቀፎ ነው። በካሊበሩ፣ ማለትም በጥይት ዓይነቱና ልኩ፣ 5.56 የሆነ ቀለህ ተቆርጦ .300 ብላክአውት የሚባል ሌላ ጥይት ቀለህ ይሆናል። የ.30-06 ቀለህም አጥሮ ለ8×57 ማውዘር ይውላል። ለገዛ መሣሪያው የሚሠራውን ሰው ማንም አይከልክለው። ለሌላ ሰው መሸጡ ግን በሕግ ይከልከል ባይ ነኝ። ምክንያቴ ከቀለሁ ግርጌ የተመታው ጽሑፍ ነው፤ ቅርጹ ተለውጦም የድሮውን ስም ይዞ ይቀራል።

የአሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢ፦
ወንድሜ፣ ይህ ሕግ ቢወጣ መጀመሪያ የሚጎዳው አሮጌ ጠመንጃ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወታደሮች የጃፓን አሪሳካ ጠመንጃ ይዘው አገራቸው ሲገቡ፣ የሚጎርሰው 7.7×58 ጥይት እንደልብ አይገኝም ነበር። ብዙዎቹን እንደገና ያስተኮሳቸው ከ63 ወደ 58 ሚሊ ሜትር ያጠረ የ.30-06 ቀለህ ነው። ቀለህ ተጭኖ ቅርጽ የሚይዝበት ፕሬስና ዳይ የሌለው ሰው ከሚችል ሰው ካልገዛ ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊቀር ነው። ደግሞስ ቆርጦ ከማጥበብ ሌላ ምን አለው?

ጠመንጃ ጠጋኝ፦
ጋሼ፣ ስለ አሪሳካው ያሉት ልክ ነው። «ቆርጦ ማጥበብ» ላይ ግን አልስማማም፤ ችግሩ ያለው እዚያው ነው።

የ5.56 ቀለህ 44.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለብላክአውት ወደ 34.7 ይወርዳል። አሥሩ ሚሊ ሜትር ሲቆረጥ የድሮው አንገት አብሮ ይሄዳል፤ አዲሱ አንገት የሚወጣው ከገላው ግድግዳ ነው። የዚያ ግድግዳ ውፍረት ደግሞ ከአምራች አምራች ይለያያል። እርሳሱ 7.82 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥይቱ ተሞልቶ ሲያበቃ አንገቱ ከ8.48 እንዳይበልጥ ለዚህ ጥይት የወጣው የልክ ደረጃ ያዛል። ስለዚህ ለግድግዳው በየጎኑ የሚተርፈው 0.33 ብቻ ነው። ከዚያ ከወፈረ መሣሪያው ጥይቱን ሲጎርስ አንገቱ ይታነቃል፤ ሲተኮስም እርሳሱን ለመልቀቅ የሚሰፋበት ቦታ ስለሚያጣ ግፊቱ ያሻቅባል። ይህን ማወቅ የሚቻለው እያንዳንዱን ብራንድ ለይቶ በመለካት ነው። የተቀላቀለ ከረጢት የሚሸጥ ሰው ይህን ሁሉ ለክቷል ብዬ አላምንም።

ከዚህ የሚብሰው እሳቱ ነው። የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነው፤ ሲታጠፍና ሲጠብ ይደርቃል፣ ኋላም አንገቱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንገቱና ትከሻው በእሳት ይለሰልሳሉ። ሙቀቱ ወደ ግርጌው ከወረደ ግን ግፊቱን የሚሸከመው ክፍል ይለሰልሳል፤ መልሶ የሚያጠነክረው ሙቀት ደግሞ የለም። ከተወለወለ በኋላ ገዢው በምን ያውቃል?

የተኩስ ሜዳ ተቆጣጣሪ፦
እኔ የምፈራው መደባለቁን ነው። ብላክአውትና 5.56 አንድ ካዝና፣ አንድ ቦልት (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ክፍል) ይጋራሉ፤ ዋናው ልዩነት በርሜሉ ነው። ብላክአውት በ5.56 በርሜል ውስጥ ከተተኮሰ 7.82 ሚሊ ሜትሩ እርሳስ በ5.7 ቀዳዳ ማለፍ አለበት። በጤና አያልፍም፤ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። የ.308 ዘሮችም አሉ፦ .243፣ .260፣ 7 ሚሜ-08። ሁሉም ከ.308 ቀለህ ይወጣሉ፤ ለዓይን የሚለዩት በአንገታቸው ብቻ ነው። ግርጌያቸው ሁሉ «.308» ካለ እኔ በምን ልለያቸው?

ሰብሳቢ፦
ያ አደጋ ግን ትክክለኛ ጽሑፍ ባለው የፋብሪካ ጥይትም ይደርሳል፤ ሰው ሳያነብ ያጎርሳላ! የማያነበውን ሰው የትኛው ጽሑፍ ያድነዋል?

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ የማያነበውን ሕግም አያድነውም። እኔ የምቆረቆረው ለሚያነበው ነው። አንብቦ፣ ተጠንቅቆ፣ ጽሑፉን አምኖ ይተኩሳል፤ ጽሑፉ ግን ውሸት ነው። ጥንቃቄው ራሱ ወጥመድ ሆነበት ማለት ነው። ለዋጩ እጁ ያለፈበትን ስለሚያውቅ አይሳሳትም፤ ዕቃው ከእጁ ሲወጣ ግን ያ እውቀት አብሮ አይሄድም።

አዳኝ፦
አዲስ ሕግ ለምን ያስፈልጋል? በአሜሪካ ከ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ ወዲህ ጥይት ሠርቶ መሸጥን ሥራዬ ያለ ሰው ፈቃድ ያወጣል። ሲ.አይ.ፒ በሚባለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን አባል አገሮችም ለገበያ የሚቀርብ ጥይት ይፈተሻል። የቀረው ባዶው ቀለህ ነው፤ እሱን ማገድ ደግሞ ምን እንደሚያስከትል አይተናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2009 የአሜሪካ መከላከያ የተተኮሰ የጦር ሠራዊት ቀለህ ተሰባብሮ እንዲወገድ ሲያዝ፣ ለሲቪሉ የሚሞሉት ድርጅቶች ጥሬ ዕቃ ሊያጡ ሆነ። የሞንታናዎቹ ሴናተሮች ማክስ ባውከስና ጆን ቴስተር ተቃወሙ፤ ትእዛዙም በዚያው ወር ተነሣ።

ጠጋኝ፦
ያኔ እገዳው የተነሣለት ግን ስሙን ያልለወጠ ቀለህ ነው፤ 5.56 ሆኖ የተሠራ፣ 5.56 ሆኖ የሚሸጥ። እሱ ይሸጥ፤ እኔም እገዛለሁ። የተለወጠው ግን ወይ የድሮው ጽሑፍ ተፍቆ አዲሱ ስም ይመታበት፣ ወይ ከለዋጩ እጅ አይውጣ።

ሰብሳቢ፦
መፋቅ የግርጌውን ብረት ያሳሳል፤ ቅድም ግፊቱን የሚሸከመው እሱ ነው ያልከው አንተው ነህ። በደረቀ ናስ ላይ መልሶ መምታትም የቤት ፕሬስ ሥራ አይደለም። ይልቅ ለዋጩ ስሙን፣ የመጀመሪያውን ካሊበርና የአንገቱን ልክ ሳጥኑ ላይ ጽፎ ይሽጥ፤ በጻፈውም ይጠየቅ።

ተቆጣጣሪ፦
ጥይቱ ካዝና ውስጥ ሲገባ ሳጥኑ ቤት ነው፣ ጋሼ። ለእኔ የሚቀርብልኝ ግርጌው ብቻ ነው።